የካርዱ ጀርባ

ምድር ቤቱ አንድ መስኮት ብቻ ነበረው። እሱም ከእግረኛው መንገድ ጋር እኩል ስለሆነ ከብረት ፍርግርጉ ወዲያ የሚታየው ጫማ ብቻ ነው። አራሚዋ በዚያ መስኮት ስር ዘጠኝ ዓመት ተቀምጣለች። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ የሰፈሩን ሰው በጫማው ለይታ አውቃለች፤ የሚያነክሰውን፣ ተረከዟ የሚጮኸውን፣ ጠዋት እየሮጠ ማታ የሚጎተተውን። ፊቱን ግን በመንገድ ብታገኘው አታውቀውም።

ሥራዋ ካርድ ማረም ነበር። መሥሪያ ቤቱ የእንግሊዝኛን ቃላት በቋንቋቸው የሚፈታ ትልቅ መዝገበ ቃላት ያዘጋጃል። ለእያንዳንዱ ቃል አንድ ካርድ አለ። በካርዱ ፊት ቃሉ፣ ትርጉሙ፣ መነሻውና አንድ ምሳሌ ይጻፋል። ምሳሌው ከጸሐፊው ጭንቅላት መፍለቅ የለበትም፤ ከሰው አፍ የተሰማ መሆን አለበት። ስለዚህ በካርዱ ጀርባ ማን እንደተናገረው፣ የት እንደተናገረው፣ በመጨረሻም «ቀልድ» ወይም «ቁም ነገር» የሚል ምልክት ይሰፍራል። አራሚዋ ፊቱን ታነባለች፣ ትገለብጣለች፣ ጀርባውን ታነባለች፣ ከዚያ ማኅተም ትመታለች። ለአዲስ ሠራተኛ ሁሉ የምትናገረው አንድ ነገር ነበር፤ «ያልተገለበጠ ካርድ አልታረመም።»

በአስር ተኩል ቦርሳዋን ታነሳለች። አስራ አንድ ሰዓት ላይ ቤት መድረስ አለባት፤ ቀኑን ከአባቷ ጋር የሚውሉት ጎረቤታቸው በዚያ ሰዓት ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ።

አባቷ ሠላሳ ዓመት የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ነበሩ። ከሦስት ዓመት በፊት ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ አለ። ከትምህርት ቤት በክብር ሲሸኙ የተሰጣቸው የእጅ ደወል አሁን አልጋቸው አጠገብ ተቀምጧል። አንዴ ሲደወል ውኃ ማለት ነው። ሁለቴ ሲደወል ወደ ግድግዳው አዙሪኝ። ሦስት ጊዜ ደውለው አያውቁም። ድሮ በትምህርት ቤታቸው ሦስት ደወል ማለት ትምህርት አበቃ፣ ሁሉም ይሂድ ማለት ነበር፤ በዚህ ቤት ግን የሚሄድ ሰው አልነበረም።

ታላቅ እህቷ እሁድ እሁድ ትመጣለች፤ ገና ጫማዋን ሳታወልቅ ትጀምራለች።

«አንቺማ ምን አለብሽ! ባል የለሽ፣ ልጅ የለሽ። እኔን እይኝ እስቲ።»

አራሚዋ ታያታለች። በዚያ ቤት መልስ መስጠት አልለመደባትም። ልጅ ሳለች ማዕድ ላይ ፈገግ ካለች አባቷ ማንኪያቸውን ያስቀምጡና «ምን ያስገለፍጥሻል?» ይሏት ነበር። በዚያ ቤት ቀልድ ብልግና ነበር።

እሱ የመጣው በዚህ መሀል ነው።

በመሥሪያ ቤቱ ሁሉም «ባሕር ማዶ» ይለዋል። አስራ ሁለት ዓመት ሩቅ አገር ተምሮ የተመለሰ፣ የሸሚዙ አንገት ሁሌም በአንድ በኩል የታጠፈ፣ ቡናማ ጫማው በግራ ተረከዙ ያለቀ ሰው ነው። የተቀጠረው ለአንድ ፊደል ብቻ ነበር፤ የእንግሊዝኛው ሁለተኛ ፊደል ሲያልቅ ውሉም ያልቃል።

ከመጀመሪያ ካርዶቹ በአንዱ ላይ አራሚዋ በቀይ ብዕር «ይህ ምሳሌ ከሰው አፍ የወጣ አይመስልም» ብላ መለሰችለት። ካርዱ ከሰዓት በኋላ ተመልሶ መጣ። ዳሩ ላይ በእርሳስ «ከእኔ አፍ ነው የወጣው። እኔ ሰው አይደለሁም?» ይላል።

«ማስረጃ ይያያዝ» ብላ ጻፈች።

በማግስቱ ካርዱ ላይ የፓስፖርቱ ፎቶ ተሰክቶ መጣ።

አራሚዋ ሳቀች። ብቻዋን፣ በአፏ ላይ እጇን ጭና፣ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። ዋና አዘጋጁ ከመነጽራቸው በላይ ቀና ብለው አዩዋትና ወደ ወረቀታቸው ተመለሱ።

ከዚያ በኋላ የካርዶቹ ዳር ባዶ ሆኖ አያውቅም። በአፏ «እርስዎ» ትለዋለች፤ ያደገችበት ቤት ያስለመዳት አጥር ነው። በካርዱ ዳር ላይ ግን «አንተ» ነው፤ «ይህን የጻፍከው ቁርስ ሳትበላ ነው?» እሱም «ያረምሽው ከበላሽ በኋላ መሆኑ ያስታውቃል» ይላል። ቀኑን ሙሉ በሁለት ሜትር ርቀት ተቀምጠው አንድ ቃል ሳይነጋገሩ ሲመላለሱ ይውላሉ። እሷ በአስር ተኩል ቦርሳዋን ታነሳለች። እሱ እስከ በሩ በዓይኑ ይሸኛታል፤ ቀጥሎም ጫማዋ በመስኮቱ ሲያልፍ ያያል። ያን እንደሚያይ ታውቅ ነበር። መስኮቱ ጋ ስትደርስ እርምጃዋን ቀስ ታደርጋለች፤ ካለፈችው በኋላ ትሮጣለች።

አንድ ቀን «ባንተር» የሚለው ቃል ደረሰ።

ባሕር ማዶ ወንበሩን እየጎተተ ወደ ጠረጴዛዋ መጣ። «ይሄኛውስ በእርሳስ አይሆንም፤ በአፍ እንነጋገር» አላት። «ቀልድ ልበለው?»

«ቀልድማ ብቻዎን ቆመው ለመቶ ሰው መናገር ይችላሉ። ይሄ እንደሱ ነው?»

«አይደለም። ፌዝ?»

«ፌዝ ሰው ያቆስላል።»

«ሽሙጥስ?»

«ሽሙጥ ሌላ ሰው እያዩ ለሌላው የሚወረወር ነው።»

«እሺ፣ ቧልት።»

«ቧልት የሥራ ፈት ነው። እንደ እርስዎ ያለ።»

እርሳሱን ወደሷ ቀሰረ። «ይቺ! አሁን ያደረግሽው ምን ይባላል?»

ጆሮዋ ድረስ ቀላች። «ተረብ ነዋ» አለች ቀስ ብላ።

«ተረብ» አለና ጻፈው። «እኔ መልስ ብሰጥሽስ?»

«ያኔ ነው የሚሞላው። ካልመለሱልኝማ ዝም ብዬ ሰው ሰድቤ ቁጭ አልኩ ማለት ነው።»

ትርጉሙን አብረው ጻፉት፤ «ሁለት ሰዎች እየተመላለሱ የሚለዋወጡት፣ የማያቆስል የቃላት ጨዋታ፤ ተረብ።» የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አራሚዋ በቀይ ጨመረችበት፤ «መልስ ከሌለው ፌዝ ይሆናል።»

«መነሻውስ?» አለችው።

ወፍራሙን መጽሐፍ ገለጠ። «አይታወቅም። ከሦስት መቶ ሃምሳ ዓመት በፊት ገደማ ድንገት ብቅ ያለ ቃል ነው። ከየት ቋንቋ እንደመጣ፣ ማን እንዳመጣው የሚያውቅ የለም። የመንገድ ቃል ነው ብለው የናቁት የተማሩ ሰዎች ነበሩ። ያኔ ትርጉሙም እንዲህ የዋህ አልነበረም፤ ሰውን ማሞኘት፣ መሳቂያ ማድረግ ነበር። እየቆየ ነው የለዘበው።»

«ምስኪን። ዘመድ የለው፣ አገር የለው።»

«እኔን ነው የሚመስለው» አለ። ድምፁ ወረደ። «እዚያ እያለሁ ከየት መጣህ ይሉኝ ነበር። ተመልሼ መጣሁ፤ እዚህም ከየት መጣህ ይሉኛል። አንዳንድ ቀን ጠዋት እነሳና መልሱ ለራሴም ይጠፋኛል።»

አራሚዋ ቀና ብላ አየችው። ዓይኑ ውስጥ እስከዚያ ቀን ያላየችው ነገር ነበር፤ ብዙ ሰዓት የጠበቀ ሰው ዓይን። አንድ ነገር ልትል አፏን ከፈተች። እሱ ግን ቀደማት።

«ለማንኛውም እኔንም አይታወቅም ብለሽ እረሚኝ» አለና ሳቀ። ወንበሩን እየጎተተ ሄደ።

ያን ቀን ስለሱ አንድ ነገር ገባት። እሷን የዘጋባት ደወል ነው። እሱን የዘጋበት ቀልዱ ነው፤ ሰው ሊጠጋው ሲል በሳቅ ይዘጋበታል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ሐሙስ ቀን፣ በአስር ሰዓት የባንተር ካርድ ምሳሌ ተጽፎለት ጠረጴዛዋ ላይ መጣ። ያን ዕለት ጎረቤታቸው ቀጠሮ ስለነበራቸው ቀደም ብላ እንድትደርስ ነግረዋታል። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ቦርሳዋን ይዛ ቆማለች። ባሕር ማዶ አጠገቧ ቆሟል፤ እንደ ወትሮው ወደ ቦታው አልተመለሰም።

«ተረጋግተሽ እይው» አላት።

«ቸኩያለሁ እኮ።»

«ነገ ይሁን እንግዲህ።»

«ማተሚያ ቤት ዛሬ ይወስደዋል» አለችና ቆማ አነበበችው። ምሳሌው እንዲህ ይላል፤ «መዝገበ ቃላቱ እስኪያልቅ ከጠበቅን ጥርሳችን ቀድሞ ያልቃል። ለምን አንጋባም?»

ደሟ ፊቷ ላይ ወጣ። እንደገና አነበበችው። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። አለማግባቷን እህቷ በየእሁዱ ትነግራታለች፤ የቢሮው ሰው በዝምታ ይነግራታል። አሁን ደግሞ እሱ፣ ያሳቃት ብቸኛ ሰው፣ ይህንኑ ለመጽሐፍ ማድመቂያ አደረገው። ሺህ ሰው አንብቦ ይስቅበታል።

ቀይ ብዕሯን አወጣች። «ጥሩ ቀልድ ነው» ብላ ጻፈችና ማኅተሙን መታችበት። ፊቷን እንዳያይባት ዞራ ወጣች። በመስኮቱ ስታልፍ እርምጃዋን ቀስ አላደረገችም።

በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ካርድ ሳትገለብጥ አለፈች።

በማግስቱ የካርዶቹ ዳር ባዶ ነበር። በዚያ ሳምንትም፣ በሚቀጥለውም ባዶ ነበር። ባሕር ማዶ ጠዋት ሲገባ «እንደምን አደሩ» ይላታል። አንቺ ሲላት የከረመ ሰው በአንድ ጊዜ እርስዎ ማለት ጀመረ። እሷም «እግዚአብሔር ይመስገን» ትለዋለች፤ ሁለቱም ወደ ወረቀታቸው ያቀረቅራሉ። ክፍሉ ጠበበ። ከዚያ በፊት ጠባብ መሆኑን አስተውላው አታውቅም። የሚሄዱ ጫማዎችን እያየች፣ ሁሉም የሆነ ቦታ ይደርሳሉ ስትል ታስባለች።

በሦስተኛው ሳምንት ዋና አዘጋጁ ፊደሉ ማለቁን ተናገሩ። ባሕር ማዶ ሩቅ ከተማ የማስተማር ሥራ አግኝቷል። ዓርብ ዕቃውን ይሰበስባል፣ ቅዳሜ ጠዋት ይሄዳል።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ዋና አዘጋጁ አራሚዋን ጠሯት። እጃቸው ላይ አንድ ካርድ አለ።

«ልጄ፣ ይሄ ከማተሚያ ቤት ተመለሰ። ምሳሌው ጎዶሎ ነው። መልስ ከሌለው ፌዝ ይሆናል ብለሽ የጻፍሽው ራስሽ አይደለሽም እንዴ?»

«ነኝ፣ ጋሼ።»

«ታዲያ መልሱ የታል? አንዱ ተናግሯል፣ ሌላው የት ሄደ?» ካርዱን ሰጧት። «እስከ ሰኞ ይስተካከል። ጸሐፊውም አራሚዋም ትፈርሙበታላችሁ። እሱ ነገ ስለሚሄድ ፊርማውን ዛሬ አስፈርሚው።»

ቀና ስትል የባሕር ማዶ ወንበር ባዶ ነው። ካርቶን ፍለጋ ወጥቷል፣ ሲመሽ ይመለሳል አሏት። ሰዓቱ አስር ተኩል ነበር። ካርዱን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወጣች።

የገለበጠችው አውቶቡስ ውስጥ ነው፤ ቆማ፣ በአንድ እጇ ብረቱን እንደያዘች። በጀርባው ላይ በዚያ በምታውቀው እርሳስ ተጽፏል፤

«ተናጋሪ፦ የካርዱ ጸሐፊ። የተነገረላት፦ አራሚዋ። ቦታ፦ እዚሁ፣ መስኮቱ ስር። ምልክት፦ ቁም ነገር።»

ቁም ነገር የሚለው ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። ከታች በትንንሽ ፊደል፣ «አራሚዋ ከተስማማች ወደ «ሙሽራ» ካርድ ቢዛወር ቅሬታ የለኝም» ይላል።

የምትወርድበት ፌርማታ አለፋት።

ቤት ስትደርስ ጎረቤታቸው ቦርሳቸውን ይዘው በር ላይ ነበሩ። ሸኘቻቸው፣ ገባች፣ ውኃ ቀዳች፣ ትራስ አስተካከለች። አባቷ በዓይናቸው ይከተሏት ነበር። ቃል ከአፋቸው በጭንቅ ነው የሚወጣው፤ በአንድ ትንፋሽ አንድ ቃል።

«ምን... ሆንሽ?»

«ምንም አልሆንኩም፣ አባዬ።»

«ዋሸሽ።»

ጀርባዋን ሰጥታ ልብስ እያጠፈች ነገረቻቸው። ስለ ካርዱ፣ ስለ ፎቶው፣ ስለ ማኅተሙ፣ ነገ ጠዋት ስለሚሄደው ሰው። አንዱን ሸሚዝ አራት ጊዜ አጠፈችው።

«ያስቅ... ሻል?» አሉ አባቷ።

በዚያ ቤት የዚህ ጥያቄ ትክክለኛ መልስ ምን እንደሆነ ታውቅ ነበር። «ያስቀኛል» አለች።

አባቷ ጣሪያውን ሲያዩ ቆዩ። «እኔ... አላሳ... ቅኩሽም።»

«አባዬ፣ ይተዉት አሁን።»

ደህናው እጃቸው ወደ ደወሉ ሄደ። አንዴ ደወሉ። ብርጭቆውን አነሳች። ደገሙት። ብርጭቆውን አስቀምጣ ልታዞራቸው ጎንበስ አለች። ሦስተኛውን ደወሉ።

አራሚዋ እንደጎነበሰች ቀረች። የአባቷ ፊት ግማሹ ብቻ ነው የሚታዘዘው፤ ያ ግማሽ ወደ ላይ ተሳበ።

«ትምህርት... አበቃ» አሉ። «ሂጂ።»

ሮጣ የጎረቤታቸውን በር አንኳኳች። «እማማ፣ አንድ ሰዓት ብቻ ቢቀመጡልኝ፤ ቀጠሮ ከሌለዎት፤ ካስቸገርኩዎት ደግሞ...»

«ወይ አንቺ ልጅ!» አሉ ጎረቤቷ ነጠላቸውን እየሳቡ። «ሦስት ዓመት ሙሉ እኔ አለሁ፣ ውጪ፣ ንፋስ ይንካሽ ስልሽ አይደል የኖርኩት? አልወጣም ያልሽው አንቺ ነሽ። በይ ሂጂ፣ ፊትሽን ግን ታጠቢ።»

አልታጠበችም።

መሥሪያ ቤቱ ስትደርስ የውጭው በር ተቆልፏል፤ ዘበኛው በጓሮ በር በኩል ነው። በምድር ቤቱ ግን መብራት አለ። ወደ መስኮቱ ሄደች። ያን ክፍል ከውጭ አይታው አታውቅም። ከላይ ሲታይ እንዴት ያንሳል! የሷ ወንበር፣ የሷ ጠረጴዛ፣ ማኅተሟ። ባሕር ማዶ አንድ ካርቶን በገመድ እያሰረ ነበር። በጫማዋ ጫፍ ፍርግርጉን መታ መታ አደረገች።

ቀና አለ። ያየው ጫማ ብቻ ነው። ገመዱ ከእጁ ወደቀ። ያ ጫማ በዚህ ሰዓት በዚያ መስኮት አልፎ አያውቅም።

መስኮቱን ከፈተ። እሷም መንገዱ ላይ ተንበረከከች። የሚያልፉት ሰዎች ዞረው አዩዋት፤ ይዩ።

«ምን ሆነው ነው?» አላት።

«ካርድ ተመልሶብን ነው። መፈረም አለብህ።»

አንተ መባሉን የሰማው ጆሮው ብቻ አልነበረም፤ እጁ ፍርግርጉን ያዘ። ካርዱን በብረቶቹ መሀል አቀበለችው። ከምሳሌው ስር፣ ስትመጣ አውቶቡስ ውስጥ በተጻፈ ጠማማ ቀይ ጽሑፍ መልስ ተጨምሯል፤ «እሺ። ነገር ግን ከነአባቴ ነው።»

ደጋግሞ አነበበው። አንድ መስመር ለማንበብ ከሚፈጀው በላይ ቆየ።

«አልገለበጥኩትም ነበር» አለች። «ያን ቀን። አይቼ ያለፍኩህ መስሎህ ነበር፣ አይደል?»

«አይተሽ ያለፍሽኝ መስሎኝ ነበር።»

«ለምን በአፍህ አልነገርከኝም ታዲያ?»

ሊቀልድ አፉን ሲከፍት አየችው። ከዚያ ዘጋው። «ፈርቼ» አላት። በዚያ ክፍል የተናገረው አጭሩ ቃል እሱ ነበር።

«ከነአባቴ» የሚለው ላይ ጣቱን አሳረፈ።

«አባትሽ ይተርባሉ?» አላት።

«ዛሬ ጀምረዋል።»

«እንግዲህ ልውጣ» አለና እርሳሱን ፈልጎ ፈረመ።

ሰኞ ጠዋት ዋና አዘጋጁ ካርዱን አነበቡ፣ ገለበጡ፣ መነጽራቸውን አወለቁ። ባሕር ማዶ ቅዳሜ አልሄደም፤ ለሚቀጥለው ፊደል ጸሐፊ ያስፈልግ እንደሆነ ሊጠይቅ በር ላይ ቆሟል።

«ይሄ አይሆንም» አሉ ዋና አዘጋጁ። «መልሱ ተሟልቷል። ነገር ግን ይሄ ተረብ አይደለም፣ ቁም ነገር ነው። ሌላ ምሳሌ አምጡ።»

ሌላ ምሳሌ ፍለጋ ሦስት ቀን ፈጀባቸው፤ እርስ በርስ የሚሉት ሁሉ ቁም ነገር እየሆነ አስቸገራቸው። የተገኘው ሐሙስ ማታ ባሕር ማዶ የአራሚዋን አባት ሊጠይቅ ቤታቸው ሲሄድ ነው። ደወሉ ሁለቴ ተደወለ። እሷ ስትነሳ እሱ ቀደማት፤ ጎንበስ ብሎ ሽማግሌውን ወደ ግድግዳው አዞራቸውና ትራሱን በተሳሳተ በኩል አስገባው። ሽማግሌው በስድስት ትንፋሽ የተናገሩት በካርዱ ላይ በአንድ መስመር ተጻፈ፤ የባሕር ማዶ መልስም ከሥሩ፤

«ባሕር ማዶ ተምረህ ትራስ ማስተካከል አታውቅም?»

«ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለነበር ነው፤ ትራስዎ አልገባውም።»

ታላቅ እህቷ በዚያ እሁድ ስትመጣ ያው ደወል፣ ያው አልጋ፣ ያው አስራ አንድ ሰዓት ጠበቃት። ከጓዳ የሚመጣው ሳቅ ግን ከየት እንደሆነ ሊገባት አልቻለም።

ካርዱን አራሚዋ አረመችው። ፊቱን አነበበች፣ ገለበጠች። በጀርባው የተናጋሪው ቦታ ባዶ ስለነበር በቀይ ሞላችውና ወደ እሱ ጠረጴዛ ገፋችው።

«ተናጋሪዎች፦ አባትና አማች። ቦታ፦ ቤት። ምልክት፦ ቀልድ።»

ባሕር ማዶ አንብቦ ቀና አለ። «አማች?»

«ስህተት ካለው መልሰው» አለችው፣ ዓይኗን ከሚቀጥለው ካርድ ሳታነሳ።

አልመለሰውም።